የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፦ ባህልና ልማድ በጡት ማጥባት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ በቂርቆስና በካዛንቺስ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በገበሬዎች ዩኒየን በዓል ላይ ስለ ምርት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። ስለ ጡት ማጥባት መነጋገር ግን ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ርዕሱ ለዚህ ጉባኤ የተመረጠው በሦስት ምክንያቶች ነው።

አንደኛ፣ የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለማኅበረሰቡ ደኅንነት ማሰብን የሚመለከት ነው። ሁለተኛ፣ ወደ አራስ ቤት የሚገባው ቅቤ፣ ገብስ፣ አብሽና ማር የሚመጣው ከአባላት ጓሮና ማሳ ነው። ሦስተኛ፣ በአዲስ አበባ አንዲት ሴት ስትወልድ እናቷ ወይም አክስቷ ሊያርሷት ከገጠር ይመጣሉ። ከቅቤውና ከገንፎ ዱቄቱ ጋር ልማዱም አብሮ ይመጣል። ስለሆነም በከተማው አራስ ቤት የሚሆነው ነገር በገጠሩ ቤት ከሚታመነው ነገር ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው።

ስለ አካባቢው ጥቂት ቃል

የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ነዋሪው በተለምዶ ጨርቆስ እያለ ከሚጠራው የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንደሚታወቀው ቂርቆስ ሕፃን ነው፤ ታሪኩም ከእናቱ ከኢየሉጣ ተነጥሎ አይነገርም። በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን የሚታሰበው እናትና ልጅ አብረው ነው። የዓለም የጡት ማጥባት ሳምንት ደግሞ ከዚህ በዓል ስድስት ቀን ቆይቶ፣ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 ቀን ይከበራል። በሕፃኑ በቂርቆስ ስም በሚጠራ ክፍለ ከተማ ስለ እናትና ልጅ መነጋገር ተገቢ ነው።

ካዛንቺስም የክፍለ ከተማው አንዱ አካል ነው። ስሙ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ድርጅት ነው። «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው። በኋላም በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አካባቢውን የእንግዳ፣ የሆቴልና የቢሮ ሠፈር አደረጉት። ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ ግን ለረጅም ዘመን የቆየው የቀበሌ ቤት፣ የጋራ ግቢና የጋራ ማድቤት ነበር። በሆቴሉ አልጋ የምታነጥፈው፣ በምግብ ቤቱ የምታስተናግደው፣ በየቤቱ በሠራተኝነት የምታገለግለው፣ በጉሊት የምትቸረችረው ሴት የምትወልደውና ልጇን የምታሳድገው በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ነበር። የጋንዲ መታሰቢያ የእናቶች ሆስፒታልም የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። በመሆኑም የሕክምና ምክርና የአያት ምክር ጎን ለጎን የሚኖሩበት አካባቢ ነው ማለት ይቻላል።

የእናት ጡት ብቻ ማለት ምን ማለት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በስተቀር ሌላ ምንም ነገር እንዳይሰጠው፣ ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ነው። «ምንም ነገር» ሲባል ውኃም ጭምር ማለት ነው። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ወይም ቫይታሚን ብቻ ይፈቀዳል። ይህ የስድስት ወር ምክር በዓለም የጤና ጉባኤ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከዚያ በፊት ምክሩ ከአራት እስከ ስድስት ወር የሚል ስለነበረ፣ ዛሬ አያት የሆኑ እናቶች በወጣትነታቸው የሰሙት ምክር ከአሁኑ የተለየ ነበር። አያቲቱ «እኔ በአራት ወርህ ነው አጥሚት ያስቀመስኩህ» ብትል አልዋሸችም።

በሀገር አቀፍ ደረጃ የተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙት እ.ኤ.አ. በ2005 49 በመቶ፣ በ2011 52 በመቶ፣ በ2016 58 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 59 በመቶ ነበሩ። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 የተገለጸው አኃዝ 48 በመቶ በመሆኑ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። ነገር ግን ከአጠቃላዩ አኃዝ በስተ ጀርባ ሌላ ሥዕል አለ። የ2016ቱ ጥናት በዕድሜ ሲከፋፈል፣ እስከ አንድ ወር ካሉት ሕፃናት 74 በመቶው፣ ሁለትና ሦስት ወር ከሆናቸው 64 በመቶው፣ አራትና አምስት ወር ከሆናቸው ግን 36 በመቶው ብቻ ናቸው ጡት ብቻ የሚያገኙት። ከጅምሩ የሚበዛው እናት በደንብ ይጀምራል፤ መንገዱ የሚቋረጠው መካከል ላይ ነው። ለምን እንደሚቋረጥ ለማወቅ ልማዶቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

እንገር፦ ገበሬው የሚያውቀው እውነት

በብዙ አካባቢ ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው፣ ያደረ ነው፣ ሆድ ያማል» ተብሎ ታልቦ ይደፋ ነበር። ይህ ወተት እንገር ነው።

ስለ እንገር ለገበሬ ማስተማር ለቀባሪ እንደማርዳት ነው። የወለደችን ላም እንገር ከጥጃዋ የሚነፍግ ገበሬ የለም፤ ያልጠባ ጥጃ እንደማይጠና ያውቃል። ምክንያቱም ጥጃ በእናቱ ማሕፀን ሳለ ከበሽታ የሚከላከልለትን ኃይል በደም አያገኝም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፤ እሱንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው። የሰው ልጅ ከዚህ በጥቂቱ ይለያል። ከፊሉን የመከላከያ ኃይል በማሕፀን ሳለ ይወስዳል። ሆኖም አንጀቱንና መተንፈሻውን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የሚጠብቅለትን ከእንገሩ ያገኛል። መጠኑ ትንሽ መሆኑም ጉድለት አይደለም፤ የአራስ ሕፃን ሆድም ትንሽ ነው። ለጥጃ የተፈቀደው ለሕፃን የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

ቅቤ፣ ስኳር ውኃና አብሽ

ሁለተኛው ልማድ ጡት ከመያዙ በፊት ለሕፃኑ ሌላ ነገር ማቅመስ ነው። በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች ጉሮሮውን ያለሰልሳል፣ ሆዱን ያጸዳል፣ መልኩን ያሳምራል ተብሎ ለጋ ቅቤ ይዋጣል። በከተማ ደግሞ የስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ ወይም ለብ ያለ ውኃ ይሰጣል። በአንዳንድ የሙስሊም ቤተሰቦች ቴምር አላምጦ የሕፃኑን ላንቃ መቀባት እንደ ምርቃት ይቆጠራል።

እነዚህ ልማዶች የመጡት ከክፋት አይደለም። ቅቤ በገበሬው ቤት ካለው ሁሉ የከበረ ነገር ነው፤ ለአዲሱ እንግዳ የሚቀርበውም ከበሬታን ለመግለጽ ነው። ጉዳቱ ግን በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛ፣ ከጣት፣ ከማንኪያና ከውኃ ጋር ጀርም ይገባል። ሁለተኛ፣ ቅቤው ወደ ሆድ በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባ ሊገባና ሕፃኑን ሊያፍነው ይችላል። ሦስተኛ፣ የጠገበ ሕፃን ጡት አይስብም። ማርም ቢሆን፣ ምንም እንኳ ንጹሕ ቢሆን፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ መርዝ የሚፈጥር ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላልና።

ሦስተኛው ነጥብ ሰፋ ብሎ ሊብራራ ይገባል። ሕፃን ሲጠባ የእናቲቱ አንጎል ሁለት ሆርሞኖችን ያመነጫል። ፕሮላክቲን የሚባለው ወተቱ እንዲመረት፣ ኦክሲቶሲን የሚባለው ደግሞ እንዲፈስ ያደርጋል። በተጠባ ቁጥር ይመረታል፤ ካልተጠባ ይቀንሳል። ያልታለበች ላም እንደምትነጥፍ ሁሉ ማለት ነው። አንዲት አያት «ወተቷ አልመጣም» ብላ በሁለተኛው ቀን ስኳር ውኃ ብትሰጥ፣ ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፤ ጡቱ ሳይጠባ ይውላል፤ በሦስተኛው ቀን ወተቱ በእርግጥም ያነሰ ይሆናል። አያቲቱም «አላልኩም ነበር?» ትላለች። በዚህ መንገድ ልማዱ ራሱ ያመጣው ውጤት ለልማዱ ምስክር ይሆናል። ሰዎች አጥብቀው የሚይዙትም በዓይናቸው ያዩት ስለሚመስላቸው ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ልማድ ሊለወጥ እንደሚችል ታይቷል። ጡት ከመጀመራቸው በፊት ሌላ ነገር የተሰጣቸው ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2011 27 በመቶ የነበሩት በ2016 ወደ 8 በመቶ ወርደዋል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች መብዛትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞራቸው ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ጥም፣ እንጥል፣ ዓይንና ምች

ቅቤው ቢቀርም ውኃው አልቀረም። «እናቱ በርበሬ በልታለች፣ ፀሐዩ ከብዷል፣ ልጁ ጠምቶታል» ይባላል። ነገር ግን ከጡት ወተት ወደ 88 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚፈሰው ቀጠን ያለ በመሆኑ ጥም ይቆርጣል፤ ኋላ የሚመጣው ቅባት የበዛበት ስለሆነ ያጠግባል። ስለሆነም የጠማው ሕፃን መድኃኒቱ ጡት ነው። የሚጠማው ብዙውን ጊዜ የእናቲቱ ሰውነት ስለሆነ የተቀዳው ውኃ ለእርሷ ቢሰጥ ይሻላል።

ሕፃኑ አልጠባ ሲል ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ በባህላዊ መንገድ የሚያስቆርጡ አሉ። አልጠባ ያለ ሕፃን ምናልባት አያያዙ ተበላሽቶ፣ ምናልባትም ታሞ ሊሆን ይችላል። ምላጭ ግን የደም መፍሰስንና መመረዝን ከማምጣት በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ከዚህም ሌላ የዓይን ፍርሃት አለ። እናቲቱ ሰው ፊት ብታጠባ «ዓይን ይበላዋል» ስለሚባል፣ እንግዳ በበዛበት ቤት፣ በታክሲ ወይም በቢሮ ወረፋ ላይ ሕፃኑ እያለቀሰ ጡት ይነፈገዋል፤ ወይም ጡጦ ይሰጠዋል። ፍርሃቱን በክርክር ማስወገድ አስቸጋሪ ነው። ነጠላዋን ከልላ ማጥባት ግን ፍርሃቱንም ሕፃኑንም ያስተናግዳል፤ አያቶችም ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። እንዲሁም ከፀሐይ የገባች እናት «ምች ይመታዋል፣ ወተቱ ሞቋል» ተብላ እንዳታጠባ የምትከለከልበት ቤት አለ። ወተት በጡት ውስጥ በፀሐይም ሆነ በብርድ አይበላሽም።

ጾምን በሚመለከትም አንድ ነገር መባል አለበት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ አራስና የምታጠባ እናት ከጾም ነፃ መሆኗ የታወቀ ሲሆን በእስልምናም የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሠጋች ጾሙን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ትችላለች። እስልምና ልጅን ሁለት ዓመት ሙሉ ማጥባትንም ያስተምራል። ሆኖም ብዙ እናቶች ከሰው ላለመለየት ብለው ይጾማሉ። በዚህ ረገድ የንስሐ አባትና የሸኽ አንድ ቃል ከጤና ባለሙያ አሥር ቃል ይበልጣል።

የማይነካ፣ ይልቁንም የሚጠበቅ ልማድ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ባህል ጎጂ ነው የሚያሰኝ ከሆነ፣ ንግግሩ ግማሹን ብቻ ተናግሯል ማለት ነው። የኢትዮጵያ አራስ ቤት ብዙ ባለጸጋ አገሮች ዛሬ በገንዘብ ለመግዛት የሚሞክሩት ነገር ያለበት ቤት ነው። ወንድ ልጅ የወለደች እስከ አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች እስከ ሰማንያ ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከከባድ ሥራ ታርፋለች። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በገብስና በአጃ ይሠራላታል። ጎረቤት እንጀራ ይጋግርላታል፤ ውኃ ይቀዳላታል፤ ልብስ ያጥብላታል። አራስ ብቻዋን አትተውም። ሕፃኑ ከእናቱ ጎን ይተኛል፤ በየሰዓቱም ይጠባል። ይህ ሁሉ ለወተት መምጣት የሚጠቅም ነው።

እንግዲህ ቅቤው ከቤት መውጣት የለበትም፤ ቦታውን መለወጥ ብቻ ነው ያለበት። በሕፃኑ አፍ ይደረግ የነበረው በእናቲቱ ገንፎ ላይ ይጨመር። አብሹም፣ አጥሚቱም፣ ማሩም ለእናቲቱ ይሁኑ፤ እርሷ ደግሞ ለሕፃኑ ታደርስለታለች። እንዲህ ሲባል አያቲቱ ከቤት አልተገፋችም፤ ሥራዋም አልተናቀም። አንዲት ወጣት እናት የነርሷን ምክር በጆሮዋ ሰምታ ወደ ቤቷ ብትመለስ፣ የምትኖረው ከነርሷ ጋር ሳይሆን ከአማቷና ከእናቷ ጋር ነው። ስለዚህ ምክሩ ለእናቲቱ ብቻ ከሆነ በሩ ላይ ይቀራል። አያቲቱና አባትየው አብረው ሊሰሙት ይገባል።

ሦስት ወርና ስድስት ወር

በካዛንቺስና በቂርቆስ ዋናው ጥያቄ የሚመጣው ግን ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የምታገኘው የ60 ቀን ፈቃድ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀናት የሚል ነው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም የወሊድ ፈቃዱን ከማስፋቱም በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ይህ ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነው።

ሂሳቡ ግን ቀላል ነው። ዘጠናው ቀን በሥራ ቀን ቢቆጠር እንኳ ከአራት ወር ብዙም አያልፍም፤ ምክሩ ስድስት ወር ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ጡት ብቻ የሚያገኙት ሕፃናት ቁጥር ማሽቆልቆሉን ከዚህ ጋር አያይዞ ማየት ይገባል። ለምሳሌ ያህል በካዛንቺስ በአንድ ሆቴል የምትሠራ እናት እንውሰድ። ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ትወጣለች፤ ስምንት ሰዓት ትሠራለች፤ የታክሲ ሰልፉ ሲጨመር ከሕፃኑ የምትለየው ከአሥር ሰዓት በላይ ነው። በዚህ መካከል ጡቷ ይወጠራል፤ የምታልብበት ቦታ መጸዳጃ ቤት ብቻ ነው። ከሳምንታት በኋላ ወተቱ ይቀንሳል፤ ጡጦው ይገባል። ጎረቤቱ «ልማድ ነው» ይላል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ልማድ ከሥራ ሰዓት ጋር ተባብሯል።

ከሁሉ የከፋው ችግር የቤት ሠራተኞች ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ውስጥ አገልግሎትን ስለማያጠቃልል የተጠቀሰው ፈቃድ ለእነርሱ አይደርስም። የሌላውን ሰው ልጅ እያቀፈች የራሷን ልጅ ጡት ያስጣለች ሴት በከተማው ጥቂት አይደለችም። ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ የአርሶ አደር ልጆች ናቸው። ይህ ጉባኤ ስለ እነርሱ ሲያስብ ስለ ሌላ ሰው እያሰበ አይደለም።

ለሥራ ለሚመለሱ እናቶች መፍትሔ የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ ወተቱን አልቦ ማስቀመጥ። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ የታለበ የእናት ጡት ወተት በቤት ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ለሕፃኑም በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒ ይሰጠዋል፤ ስኒ በሚገባ ይታጠባል፤ ጡጦ ግን በጉሮሮው ቆሻሻ ይይዛል። እዚህም ላይ የሚጋፋ አመለካከት አለ፤ «ሴት እንደ ላም ትታለባለች እንዴ?» ይባላል። ለዚህ መልስ ለመስጠት ከወተት አምራች ገበሬ የተሻለ ሰው አይገኝም። ንጽሕናው የተጠበቀ ወተት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው፣ ያልተጠበቀውም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃልና።

በሕመም ምክንያት ወይም በሌላ አስገዳጅ ችግር ማጥባት የማትችል እናት እንዳለችም አይዘነጋም። እርሷን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ያለባት እናት ግን መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ እንደሚመከር ብዙ ሰው አያውቅም። ጡትንና ሌላ ምግብን መቀላቀል አደጋውን ይጨምራል። የጎረቤት ሐሜት ስለፈራች ብቻ ውኃ የምትቀላቅል እናት ከሁሉ በላይ የምትጎዳው ራሷና ልጇ ናቸው።

ጎረቤት ሲበተን

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪ ተነሥቶ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውሯል። ስለ ልማቱ መነጋገር የዚህ ንግግር ዓላማ አይደለም። ለአራስ ሴት ግን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይገባል። በአንድ ግቢ ውስጥ ገንፎ ታገነፋ የነበረችው ጎረቤት፣ ጡት አያያዝ ታሳይ የነበረችው የወለደች ሴት፣ ለአንድ ሰዓት ሕፃን ትይዝ የነበረችው አሮጊት አሁን በአንድ አጥር ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። ጎጂው ልማድ ከአያት ጋር በሻንጣ ይሄዳል፤ ጠቃሚው ልማድ ግን ጎረቤት ይፈልጋል። ጎረቤት ሲበተን መጀመሪያ የሚጠፋው ጠቃሚው ነው።

ስለዚህ በአዲሱ መንደር ዕድሩ፣ ማኅበሩና የቡናው ስብስብ ቶሎ እንዲቋቋሙ ማድረግ የጤና ሥራ ነው። ዕድር ለሞት ብቻ መድረስ የለበትም፤ ለወለደችም ይድረስ። ሟች ለመቅበር ሦስት ቀን የሚቀመጥ ማኅበረሰብ፣ ለተወለደ ልጅ በየተራ አንዳንድ ቀን ቢሰጥ የሚከብደው አይሆንም።

ከዩኒየኑ ምን ይጠበቃል?

ክቡራትና ክቡራን፣

ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማኅበራት ከአቅማቸው በላይ ሳይሆን በአቅማቸው ሊያደርጓቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ።

1ኛ. አዋጁ የሚደነግገው ዝቅተኛውን ነው። ማኅበራት በመተዳደሪያ ደንባቸው ወይም በኅብረት ስምምነት ለሴት ሠራተኞቻቸው ፈቃዱን እስከ ስድስት ወር ሊያራዝሙ፣ ወይም በቀሪዎቹ ወራት የሥራ ሰዓት ሊያሳጥሩላቸው ይችላሉ።

2ኛ. በቢሮ፣ በመጋዘንና በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ አንዲት ንጹሕ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና ማቀዝቀዣ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

3ኛ. በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግማሽ ሰዓት ይሰጣት። በዚያ ሰዓት ወንዶች አባላት ከአዳራሽ እንዳይወጡ ይሁን፤ ለአራሷ ማረፍ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ብዙውን ጊዜ አባወራው ነው። አዋጁ ለአባት የሰጠው የሦስት ቀን ፈቃድም ለሕፃኑ ጥቅም ይዋል።

4ኛ. ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ ከተማ የሚሄዱ እናቶች ከመሄዳቸው በፊት «ቅቤው ለእናቲቱ፣ ጡቱ ለልጁ» የሚለውን ምክር ይዘው እንዲሄዱ ይደረግ። ቅቤ ተሸክመው የሄዱ እጆች አዲስ ዕውቀትም ተሸክመው ሊሄዱ ይችላሉ።

5ኛ. በቁጠባና ብድር ማኅበራት በኩል ለወለደች አባል የሚሰጥ አነስተኛ ድጋፍ ቢኖር፣ በጉሊት የምትኖር እናት ለገበያ ስትል በአንድ ወር ልጇን ጥላ አትወጣም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በቁመትና በአእምሮ የቀነጨረ ልጅ ነገ ማረሻ የሚይዘው፣ ሒሳብ የሚይዘው፣ የዩኒየኑንም ወንበር የሚረከበው ሰው ነው። ገበሬ ዘሩን መርጦ፣ ማሳውን አለስልሶ፣ ቡቃያውን ከአረምና ከከብት ይጠብቃል፤ ቡቃያ ሳለ የተጎዳ እህል በመኸር እንደማይካስ ያውቃል። የሕፃንም ቡቃያነት እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ናቸው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ በመጪው ዓመት የልጅ ልጅ የሚጠብቁ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። የሚላከው ቅቤ ይላክ፤ ገንፎው ይገንፋ፤ እልልታውም ይቅለጥ። ለሕፃኑ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይሰጠው።

መልካም የምሥረታ በዓል!